ልጁ ደህና ነው፤ አንቺስ?

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍልዎ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። በምጥ ነው የወለድኩት፤ ተቀድጄ ተሰፍቻለሁ። ልጄ ተመስገን ጤነኛ ነው፤ ይጠባል፣ ክብደትም ጨምሯል። እኔ ግን ራሴን አጣሁት። ቁጭ ስል አሁንም ያመኛል። ሳስነጥስና ስስቅ ሽንት ያመልጠኛል፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ማታ ማታ ልጁን አጥብቼ ሳስተኛ ያለ ምክንያት እንባዬ ይወርዳል። ከአሥር ቀን በፊት ደረጃ ስወርድ ልጁ ከእጄ አምልጦ ሲወድቅ ድንገት በዓይኔ መጣብኝ፤ እግሬ ከዳኝና እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ እሱን ይዤ ብቻዬን አልወርድም። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ‹ስድስት ሳምንት ይሙላሽ እንጂ እንደ ድሮሽ ትሆኛለሽ› ይለኛል፤ ስድስት ሳምንቱን ለምን እንደሚቆጥርም ይገባኛል። ለምርመራ በሄድንበት ቀን ልጁ ተመዘነ፣ ተለካ፣ ታየ። ‹አንቺስ?› ሲሉኝ ‹ደህና ነኝ› ብዬ ወጣሁ። ጤነኛ ልጅ ታቅፌ ማማረሬ ግፍ ይመስለኛል። መጥፎ እናት ሆኜ ይሆን?»

እንቅልፍ ያጣሁት

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። የመጨረሻውን ጥያቄሽን አስቀድሜ ልመልሰው፦ አይደለሽም። ለልጁ ደንታ የሌላት እናት ደረጃ ላይ እግሯ አይከዳትም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን «ደህና ነኝ ብዬ ወጣሁ» ያልሽው ነው። ይህችን ቃል እኔም ብያታለሁ። ሥራዬ ማዋለድ ሆኖ፣ ስንቷን እናት «የሚሰማሽን ንገሪኝ» ስል ኖሬ፣ ሁለተኛ ልጄን በወለድኩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግራ ጡቴ እንደ ፍም እየነደደ «ደህና ነኝ» ብዬ ከምርመራው ወንበር ተነሣሁ። ልጄ በደንብ ትጠባ ነበርና ስለ ራሴ ማውራት የእሷን ሰዓት መሻማት መሰለኝ። በዚያው ሌሊት ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ትኩሳቴ 39 ዲግሪ ገባ፤ የጡት ብግነት ነበር። መድኃኒት ወስጄ፣ ማጥባቱንም ሳላቋርጥ ዳንኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያቺን ቃል አላምናትም። ከአራስ አፍ ስትወጣ እንደገና እጠይቃለሁ፤ አንቺንም አሁን እንደገና እየጠየቅኩሽ ነው።

ይህ «ስድስት ሳምንት» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፤ ለባለቤትሽም አንብቢለት። ልጁ እንደተወለደ ማሕፀንሽ 1 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ አናቱም እምብርትሽ አካባቢ ይዳሰስ ነበር። ከዚያ በየቀኑ የአንድ ጣት ያህል እየወረደ፣ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ከሆድ ላይ የማይዳሰስ ሆኖ፣ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ከ100 ግራም በታች ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስታጠቢ ሆድሽን ቁርጥ ያደርግሽ የነበረው ለዚሁ ነው፤ ልጁ ሲጠባ የሚመነጨው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ማሕፀኑን እያኮማተረው ነበር። እንግዲህ ስድስት ሳምንት በዋናነት የአንድ የሰውነት ክፍል ቀጠሮ ነው። የጡንቻው፣ የነርቩ፣ የደሙ፣ የእንቅልፉና የመንፈሱ ቀጠሮ የየራሱ ነው፤ አንዳንዱ ሦስት ወር፣ አንዳንዱ ዓመት ይፈልጋል። በ42ኛው ቀን ጠዋት ተነሥታ «እንደ ድሮዬ ሆንኩ» ያለችኝ እናት እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ሌላም የማይታይ ነገር አለ። እንግዴ ልጁ ተላቅቆ የወጣበት የማሕፀን ግድግዳ ልክ እንደወለድሽ የመዳፍሽን ያህል የሚሰፋ ቁስል ነበረው። ይህ ቁስል ክንድሽ ላይ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ሁሉ «አትንኪው፣ አትሥሪበት» ይልሽ ነበር። ውስጥ ስለሆነ ግን የሚያውቀው የሚፈስሽ ደም ብቻ ነው። ደሙ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ቀይ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ሮዝና ቡናማ ይደበዝዛል፤ ከአሥረኛው ቀን ገደማ በኋላ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ፈሳሽ እየሆነ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ከደበዘዘ በኋላ ብዙ ቆመሽ በዋልሽበት ቀን ማግስት መልሶ ከቀላ ሰውነትሽ ዕረፍት እየጠየቀሽ ነውና ስሚው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ ከራሰ፣ ከእንቁላል የሚበልጥ የረጋ ደም ከወጣሽ ወይም ፈሳሹ መጥፎ ሽታ ካመጣ ግን ለዕረፍት አትቀመጪ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂጂ።

ወደ ስፌትሽ ልምጣ። የሚሰፉበት ክር ራሱ ሟሙቶ የሚጠፋ ነው፤ መካከለኛ ቅዳድም አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይገጥማል። በአምስተኛው ሳምንት ቁጭ ስትዪ አሁንም ካመመሽ «አይዞሽ፣ ይለቅሻል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ መታየት አለበት። ያልገጠመ ቦታ፣ የተቆጣ ክር፣ ትንሽ ኢንፌክሽን ወይም ጠባሳው ላይ የበቀለ ለስላሳ ሥጋ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም መፍትሔ አለው። እስከዚያው ሽንት ስትሸኚ ለብ ያለ ውኃ ከላይ እያፈሰስሽ፣ ከፊት ወደ ኋላ አድርገሽ አድርቂ፤ ሞዴስሽን በየሦስት አራት ሰዓቱ ቀይሪ፤ በጎንሽ ተኝተሽ ማጥባትን ልመጂ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ለምታጠባ እናት የሚፈቀድ መድኃኒት ነው፤ መጠኑን ግን ጠይቂ። ሕመምን ችሎ መዋል ለልጁ የሚጨምርለት ነገር የለም፤ ያመማት እናት ተጨንቃ ትቀመጣለች፣ ተጨንቃ ታጠባለች።

ብዙዎች ለመናገር የሚያፍሩትንም ልጨምር። መጸዳጃ ቤት መግባት ራሱ ያስፈራል፤ «ስፌቱ ይተረተራል» ብለው የሚይዙት አሉ፤ ሲይዙት ይደርቃል፤ ሲደርቅ ኪንታሮት ይመጣል። ስትቀመጪ እግርሽን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ አድርገሽ ወደ ፊት ዘንበል በዪ። ንጹሕ ሞዴስ አጥፈሽ ስፌቱን ከፊት ደገፍ አድርጊው። ውኃ፣ ፍራፍሬ፣ ቅጠላ ቅጠልና ጥራጥሬ አብዢ፤ ካልበቃ ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት ይሰጡሻል። ደግሞ ይህን ጠይቂ፦ «ቅዳዴ እስከ የት ነበር?» የሰውነትሽ ጉዳይ ስለሆነ ማወቅ ይገባሻል። ቅዳዱ እስከ ፊንጢጣ ጡንቻ ደርሶ ከነበረ ክትትሉ ይለያል፤ ጋዝ ወይም ሰገራ የሚያመልጥሽ ከሆነም ዓይንሽን ጨፍነሽም ቢሆን ተናገሪው።

አሁን ለማንም ያልተናገርሽው። ከወለዱ ሴቶች ከሦስቱ አንዷ ያህል ሽንት ያመልጣታል። ምናልባት አጠገብሽ ተቀምጣ ልጅሽን ከምታጫውተው ዘመድሽ ጋር የምትጋሪው ምሥጢር ነው፤ ሁለታችሁም ዝም ስላላችሁ አታውቁትም። ከብልት አጥንት ጀምሮ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ውጥር ጨርቅ የተዘረጉ ጡንቻዎች አሉ፤ የዳሌ ወለል ይሏቸዋል። ፊኛውን፣ ማሕፀኑንና አንጀቱን ከሥር ተሸክመው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ጭነት ተሸክመው፣ በመጨረሻው ሰዓት የልጅሽ ጭንቅላት ለጥጧቸው አልፏል። ደክመዋል፤ ግን ጡንቻ ናቸውና በሥራ ይጠነክራሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሽንትና ጋዝ አንድ ላይ እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢ። መቀመጫሽ፣ ጭንሽና ሆድሽ አይጨበጡ፤ ትንፋሽሽም አይያዝ። መጀመሪያ ሦስት አራት እስክትቆጥሪ ያዢ፤ እየበረታሽ ስትሄጂ እስከ አሥር አድርሺው። ከያዝሽው እኩል አሳርፊው፤ መልቀቁም የሥራው ግማሽ ነው። አሥር ጊዜ እንዲህ ካደረግሽ በኋላ አሥር ጊዜ ፈጠን ፈጠን አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂ። በቀን ሦስት ዙር። ጊዜ የለኝም እንዳትዪ፣ ለማጥባት በተቀመጥሽ ቁጥር አድርጊው፤ በቀን ከስምንት ጊዜ በላይ ትቀመጪያለሽ። ማስነጠስ ሲመጣብሽ፣ ልጁን ልታነሺ ስትጎነበሺ አስቀድመሽ ያዢ። ሽንት እየሸናሽ በመሐል በማቋረጥ ግን አትለማመጂ፤ ፊኛው ሙሉ በሙሉ እንዳይለቅ ያደርገዋል። ያመልጠኛል ብለሽም ውኃ አትቀንሺ፤ የተጠራቀመ ወፍራም ሽንት ፊኛን ይበልጥ ያስቆጣል። ለውጡን በአንድ ሳምንት አትጠብቂ፤ ሦስት ወር ሙሉ ሳታቋርጪ ሥሪ። ያኔም ካልተሻለሽ፣ ወይም ከሥር የሚከብድ፣ የሚወርድ፣ እንደ እብጠት የሚነካ ነገር ካለ በዚህ ላይ የሠለጠነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲያይሽ ጠይቂ። «ወልደሽ የለ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ የሚመልስሽ ሰው ካጋጠመሽ ሌላ ሰው ጠይቂ። ይህን መልስ ስሰማ ዛሬም ድረስ እናደዳለሁ፤ ለዓመታት ፓድ እየለበሱ፣ ከሰው ቤት ቶሎ እየተነሡ የኖሩ ሴቶችን አውቃለሁና።

ሆድሽም እንዲሁ ነው። ከላይ እስከ ታች የሚወርዱት ሁለት ጡንቻዎች በእርግዝና ጊዜ መሐላቸው ይለያያል፤ መልሰው ለመቀራረብ ወራት ይወስድባቸዋል። በእግር መሄድ አሁኑኑ ይፈቀድልሻል፤ ሩጫና ዝላይ ግን ቢያንስ ሦስት ወር ይቆዩ።

ይህን ከሚያነቡት መካከል በኦፕሬሽን የወለዱ ይኖራሉና አንድ ቃል ለእነሱ። ከላይ የሚታየው ቆዳ በቀናት ይገጥማል፤ ከሥሩ ግን ብዙ ድርብ ተቆርጧል። ለስድስት ሳምንት ያህል ከልጃችሁ ክብደት በላይ አታንሡ። ስትስሉና ስትስቁ ትራስ ሆዳችሁ ላይ ጫን አድርጉ፤ ከአልጋ ስትነሡ በጎን ተገልብጣችሁ በክንዳችሁ ተደግፋችሁ ተነሡ። ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ከተከፈተ አትጠብቁ።

በአራስ ላይ ትኩሳት ቀላል ነገር አይደለም። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን መታየት አለብሽ። እኛ አዋላጆች ትኩሳትን የምንፈራው በታሪክም ነው፤ ቪየና በሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ ኢግናዝ ዜሜልቫይስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 ባልደረቦቹ በክሎሪን ውኃ እጃቸውን ሳይታጠቡ እናት እንዳይነኩ እስኪያዝ ድረስ በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ ከትእዛዙ በኋላ ሞቱ በብዙ ቀነሰ። ሞዴስሽን ከመቀየርሽ በፊትም በኋላም እጅሽን ታጠቢ የምንልሽ ለዚህ ነው። ሌሎችም ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች አሉ። የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም የደም ግፊት መጨመር ሊሆን ይችላል፤ ይህ በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊቷ ደህና በነበረ ሴት ላይ እንኳ ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ሊመጣ ይችላል። የአንድ እግር ማበጥ፣ መሞቅና ማመም፣ ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለባለቤትሽም አሳውቂው፤ ራስሽን መከታተል በማትችዪበት ሰዓት ማየት ያለበት እሱ ነው።

ወደ እንባሽ መጣሁ። በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ከወለዱት አብዛኞቹ ያለቅሳሉ፤ የእርግዝናው ሆርሞኖች በአንድ ጊዜ ስለሚወርዱ ነው፤ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ያልፋል። ያንቺ ግን አምስት ሳምንት ሆኖታል። ስለዚህ «አራስነት ነው፣ ያልፋል» በሚለው አልሸፍንልሽም። ድኅረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል። የእንቅልፍ እጦት ብቻ፣ የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ዕጢ መታወክም ሊሆን ይችላል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ከወሊድ በኋላ የሚመጡና ሰውን ድብርት ውስጥ የሚከቱ ናቸው፤ በደም ምርመራም ይታወቃሉ። በደብዳቤ ሕመም አይመረመርም፤ ግን መመርመር እንዳለብሽ እርግጠኛ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከወለዱ እናቶች ከመቶ 13 ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ ይገጥማቸዋል። ይህን የሚለይ የኤዲንበርግ መጠይቅ የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው፤ ስላለፉት ሰባት ቀናት የሚጠይቁ 10 ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ ለመሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስትሄጂ «እሱን አስሞሉኝ» በዪ። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው፤ እሱንም በእውነት መልሺ። ሕክምናው ይሠራል፦ ከባለሙያ ጋር መነጋገር ለብዙዎች ይበቃል፤ መድኃኒት ካስፈለገም እያጠቡ የሚወሰዱ አሉ።

ያ ደረጃ ላይ የታየሽ ነገር፣ ምናልባት ከሁሉ በላይ ያሳፈረሽ እሱ ይመስለኛል። በመጨረሻ ልትጽፊው ፈልገሽ መሐል ላይ ደብቀሽ ነው ያለፍሽው። እህቴ፣ ብዙ አዲስ እናቶች እንዲህ ያለ ሥዕል ድንገት ይመጣባቸዋል። ልጁ ሲወድቅ፣ ውኃ ውስጥ ሲሰምጥ፣ በተኛበት ትንፋሹ ሲቆም፤ አንዳንዷ ደግሞ በገዛ እጇ ስትጎዳው ይታያትና ከቢላ ትሸሻለች። አእምሮሽ አዲስ ሥራ ይዟል፤ አደጋን ቀድሞ ማየት። ገና ስላልለመደው፣ እንቅልፍም ስላጣ፣ ያየውን ሁሉ ይጮኽብሻል። ሥዕሉ ፍላጎትሽ አይደለም፤ ባየሽው ጊዜ ደረጃው ላይ ያስቀመጠሽ ድንጋጤ ይህን ያሳያል።

ከዚህ በጣም የሚለይ ሌላ ሕመም አለ። ከ1,000 ወላዶች አንዷ ወይም ሁለቷ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይመጣል። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ስለ ልጁ እንግዳ ነገር ማመን፣ ሳይተኙ ውሎ አድሮ እንቅልፍ አለመፈለግ፣ ነገር መቀላቀል። እነዚህ ከታዩ እናትየዋ ብቻዋን ሳትተው፣ ልጁም ሳይተውላት በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መወሰድ አለባት። አንቺ የጻፍሽው ይህን አይመስልም። ቢሆንም አንድ ነገር አሳስቦኛል፤ «ብቻዬን አልወርድም» ያልሽው። ፍርሃቱ ቀንሽን መቁረስ ጀምሯል ማለት ነው። ዛሬ ደረጃ ነው፤ ነገ ገላ ማጠቢያው፣ ከነገ ወዲያ ልጁን ማቀፉ ራሱ እንዳይሆን አሁን ተናገሪው። ስትናገሪው ልጅሽን የሚነጥቁሽ እንዳይመስልሽ፤ ባለሙያ ይህን በየሳምንቱ ይሰማል። እስከዚያው መደገፊያውን በአንድ እጅ ይዘሽ፣ ልጁን በደረትሽ አስጠግተሽ፣ ባለቤትሽ ሁለት ደረጃ ቀድሞ እየወረደ አብራችሁ ውረዱ።

«ጤነኛ ልጅ ታቅፌ ማማረሬ ግፍ ይመስለኛል» ብለሻል። የልጅሽ ጤንነት ያንቺን ስፌት አያድነውም። በእሱ ደስ ይበልሽ፤ ለስፌትሽ ደግሞ ሐኪም ፈልጊ። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

እንቅልፍሽን እንደ መድኃኒት ቁጠሪው። በየሁለት ሰዓቱ ተቆራርጦ የተሰበሰበ ስምንት ሰዓት ሰውን አይጠግንም፤ አራት አምስት ሰዓት ሳይቋረጥ የተኛሽበት ሌሊት ግን ማግስቱን ይለውጠዋል። ለባለቤትሽ «አግዘኝ» ብቻ አትበዪው፤ «አግዘኝ» የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ግራ ይገባዋል። ሰዓት ስጪው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አጥብተሽ ልጁን ታስረክቢዋለሽ፣ በሌላ ክፍል በር ዘግተሽ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ትተኚያለሽ። በመሐል ቢርበው የታለበ የጡት ወተትሽን ይስጠው፤ ያ ካልተመቸ አምጥቶ ተኝተሽ እንዳለሽ ያስጠባውና ማግሳቱን፣ ዳይፐር መቀየሩንና ማስተኛቱን እሱ ይጨርሰው። ጡትሽ አንድ ቦታ ላይ ከጠጠረ፣ ከቀላና ካተኮሰሽ ግን እኔ የሠራሁትን አትድገሚ፤ በዚያው ቀን ታዪ፣ ማጥባቱንም አታቋርጪ።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የምታጠባ እናት በቀን እስከ 500 የሚደርስ ተጨማሪ ካሎሪ ትፈልጋለች፤ ይህ የክብደት መቀነሻ ወቅት አይደለም። ለማጥባት ስትቀመጪ አንድ ብርጭቆ ውኃ አጠገብሽ ይኑር። የደም መጠንሽን አስለኪ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ በሚበዛበት ቦታ ለወለዱ እናቶች የብረት ክኒን ከ6 እስከ 12 ሳምንት እንዲሰጥ ይመክራል፤ ያንቺን ሐኪምሽ ይወስን። በሦስተኛው ወር ገደማ ፀጉርሽ በእጅሽ ሙሉ ሲመጣ ደግሞ አትደንግጪ፤ በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ነው፤ ይመለሳል።

ስለ ባለቤትሽና ስለሚቆጥራት ቀን። ለግንኙነት የተወሰነ ቀን የለም። ደሙ ከቆመ፣ ቁስሉ ከገጠመ፣ አንቺም ከፈለግሽ ያኔ ነው፤ ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ ብቻቸውን አይበቁም። በምታጠቢበት ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ብልት ይደርቃል፤ ፍቅርሽ መቀነሱ አይደለም፤ ማለስለሻ ቅባት ይረዳል። ካመመሽ አቁሙ። ደግሞ የወር አበባዬ አልመጣም ብለሽ አትዘናጊ፤ እንቁላል ከወር አበባ ይቀድማል፤ በማታጠባ ሴት ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ሊወጣ ይችላል። ማጥባት የሚከላከለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ልጁ ስድስት ወር ያልሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት በቀር ሌላ የማይወስድ፣ የወር አበባሽም ያልተመለሰ እንደሆነ። ሦስቱ ከተሟሉ ከመቶ 98 ይከላከላል፤ አንዱ ከጎደለ ሌላ መከላከያ ያስፈልግሻል። ሰውነትሽ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት ይፈልጋል።

ክፉ ሰው አይደለም ብለሻል፤ አምንሻለሁ። ያላየውን ሊያውቅ አይችልም። ዛሬ ማታ ልጁ ሲተኛ «እንደ ድሮዬ የምሆንበትን ቀን አላውቅም፤ ያመኛል፣ ፈርቻለሁም፣ አብረኸኝ እንድትሄድ እፈልጋለሁ» በዪው። እሱንም «አንተስ እንዴት ነህ?» ብለሽ ጠይቂው፤ ከአሥር አባቶች አንዱ ያህል በዚሁ ወቅት ድባቴ ይይዘዋል፤ እነሱ ደግሞ የሚጠይቃቸው ሰው ጭራሽ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ እናት ከወለደች በኋላ ቢያንስ አራት ጊዜ እንድትታይ ይላል፦ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ እና በስድስተኛው ሳምንት። የመጨረሻው ገና ይቀርሻል፤ ባለቤትሽ የሚቆጥረው ቀን የዚህ ቀጠሮ ቀን ይሁን። ግን ሳምንቱ እስኪሞላም አትጠብቂ፤ በዚህ ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሂጂ። ልጁን ባለቤትሽ ይዞት ውጭ ይቀመጥ፤ አንቺ ብቻሽን ግቢ። «አንቺስ?» ሲሉሽ እንዲህ በዪ፦ «ልጄ ደህና ነው። እኔ ስፌቴ ያመኛል፣ ሽንት ያመልጠኛል፣ አምስት ሳምንት ሙሉ አለቅሳለሁ፣ ልጄን ይዤ ደረጃ መውረድ ፈርቻለሁ።» ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፊው። እዚያ ስትደርሺ ድምፅሽ ከተቆረጠ ወረቀቱን ስጫቸው።